የክረምት ኩሬ፣ የውሃ ተክልና እንቁራሪት በጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ ገብቷል። ጎጃም ውስጥ ዝናቡ አንዴ ከያዘ እስከ መስከረም አይለቅም። ከደጅ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ትሞላለች፣ ቄጠማው ብቅ ይላል፣ ማታ ማታ ደግሞ እንቁራሪቶቹ ይጀምራሉ። ግማሹ ሰው በጩኸቱ ይበሳጫል፣ ግማሹ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ያዳምጣል። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛዎቹ ነው። የመጀመሪያዎቹም ቢያነቡት አይጎዱም።

ግቢዬ ትንሽ ነው። ኩሬ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከበቂ በላይ ነው። እሱም ከሌለ ያረጀ ሳፋ ወይም በግማሽ የተቆረጠ በርሜል መሬት ውስጥ ቀብራችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ጥልቀቱ ጉልበት ገደማ ይሁን፣ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው።

ዋናው ነገር ስፋቱ ሳይሆን ዳሩ ነው። ቢያንስ አንዱ ጎን ቀስ እያለ የሚወርድ መሆን አለበት። ለመስኖ ተብለው የተቆፈሩትን፣ ፕላስቲክ የለበሱትን የውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች አይታችሁ ከሆነ ጎናቸው ቀጥ ያለና የሚያዳልጥ ነው። እንቁራሪት ትገባለች፣ መውጣት ግን አትችልም። ጫጩት ይገባበታል፣ ድመት ትገባበታለች፣ እግዜር ይጠብቅ እንጂ ሕፃንም ሊገባበት ይችላል። እንደዚህ ዓይነት ጉድጓድ ካላችሁ ዳሩን እጠሩት፣ ከላይ እስከ ውሃው የሚደርስ ሻካራ ግንድም አጋድሙበት። በሳፋና በበርሜልም ቢሆን ድንጋይ ደርድራችሁ መውጫ ሥሩ።

አፈሩ ውሃ ይይዛል ወይስ ሸራ ልግዛ?

እንደየአገሩ ነው። ከደጀን ወደ ብቸና በሚወስደው አገር መሬቱ በብዛት ዋልካ ነው። ዋልካ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሳልፍም፣ ቆፍራችሁ ብቻ ተዉት። ወደ ቡሬ፣ ዳንግላና መራዊ ስትሄዱ ግን ቀይ አፈር ይበዛል፣ እሱ ውሃውን ይውጠዋል። እዚያ ወፍራም ሸራ ማንጠፍ ይሻላል፣ ከላዩ ደግሞ አፈርና ጠጠር። በባዶ ሸራ ላይ ተክል አይበቅልም፣ ፀሐዩም ሸራውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ አፍሱበት፣ በማግስቱ እዩት። ካለ አለ፣ ከጠፋ ሸራ ፈልጉ።

በቧንቧ ውሃ ልሙላው?

ዝናብ እያለ ለምን? ከቆርቆሮው የሚወርደውን በአሸንዳ አድርጋችሁ ወደ ኩሬው ምሩት፣ በነፃ ነው፣ ለእንቁራሪትም ይስማማል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው የግድ ከሆነ በባልዲ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆይታችሁ ጨምሩ። የልብስ እጣቢ ግን በምንም ዓይነት አይግባ።

ምን ዓይነት ተክል ልትከል?

ይሄ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ሩቅ አትሂዱ፣ እዚሁ ያለው ይበቃል።

የመጀመሪያው ቄጠማ ነው። በዓል ሲመጣ ከገበያ እየገዛን የምንጎዘጉዘውን እዚያው ቤታችን ማብቀል እንችላለን። ከጨፌ ትንሽ ከነሥሩ ነቅላችሁ በዳሩ ጭቃ ላይ ቅበሩት፣ ሥሩ እርጥብ ከሆነ ያለ ማንም እርዳታ ይሰፋል። አንድ ግንድ ቆርጣችሁ በጣታችሁ አሽከርክሩት፦ ክብ አይደለም፣ ሦስት ጠርዝ አለው። ጣና ዳር የምናየውን ደንገልም እንደዚሁ ብታደርጉት ሦስት ጠርዝ ታገኛላችሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የቄጠማ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ደንገልን ራሱን ግቢ ውስጥ ብትከል? አልመክርም። ከሰው ቁመት በእጥፍ አልፎ ያድጋል፣ ሥሩም አግድም እየሄደ ትንሿን ኩሬ ይውጣታል። እንደ ደንገል ላለ ተክል ጣና አለለት፣ እዚያው ሄዳችሁ እዩት።

ፊላም አለ፣ ያ አናቱ ላይ ወፍራም ቡናማ ራስ የሚያወጣው። ያምራል፣ ወፍም ይወደዋል፣ ግን እሱም አልጠግብ ባይ ነው። መትከል ካማራችሁ በሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ ሳፋውን ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሥሩ ከዚያ እንዳይወጣ።

ለውሃው ፊት ደግሞ የውሃ አበባ፣ ብዙ ሰው ሎተስ የሚላት። ጣና ላይ ሰማያዊም ነጭም አለ። ሰማያዊዋ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ትከፈታለች፣ ከሰዓት በኋላ ትዘጋለች፣ በማግስቱ እንደገና። ከባድ አፈር የሞላ ሸክላ ወይም ሳፋ ውስጥ ተክላችሁ፣ አፈሩ እንዳይንሳፈፍ ላዩን ጠጠር አልብሳችሁ ወደ ውሃው አውርዷት። የረጋ ውሃና የቀኑን ግማሽ ያህል ፀሐይ ትፈልጋለች። ቅጠሏ ውሃውን ስለሚያጠላ አልጌ ይቀንሳል፣ ከሥሯ ደግሞ የእንቁራሪት እጮች ይደበቃሉ። ውሃው ግማሽ በግማሽ ክፍት ይሁን፣ ሙሉውን መሸፈን ጥሩ አይደለም።

ከኩሬው ላይ ባሕር ዛፍ አያንዣብብ። ቅጠሉ ሲረግፍ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ሥሩም ውሃ ፈላጊ መሆኑን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም።

የእንቦጭ አበባ በጣም ያምራል። ትንሽ ብቻ ባስቀምጥስ?

አይሆንም። በፍጹም።

ሐምራዊ አበባው ማማሩን ማንም አይክድም፣ እኮ ዓለምን የዞረው በውበቱ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን አካባቢ ነው፣ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ብለው እየወሰዱት ነው እዚህ የደረሰው። ጣና ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ያየነውን አይተናል፦ ገበሬው ከነልጁ ከነሚስቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ታንኳ መንቀሳቀሻ ሲያጣ፣ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ይዞ ሲመለስ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ የያዘውን ቦታ እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። «እኔ እቆጣጠረዋለሁ» የሚል ሰው አንድ የሐምሌ ጎርፍ ግቢውን ጥሶ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ይንገረኝ፣ ምክንያቱም የጎጃም ጎርፍ መጨረሻው ወይ ጣና ነው ወይ ዓባይ።

የውሃ አበባ ወይም ቄጠማ ከጣና ዳር ካመጣችሁም ሥሩን በደንብ አጥቡና አራግፉ። እንቦጭን የምትለዩት ቅጠሉ ሥር ባለው ያበጠ፣ ስትጫኑት በአየር የተሞላ ግንድ ነው። ካገኛችሁ ደረቅ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወደ ውሃ አትመልሱት።

እንቁራሪት ከየት ላምጣ?

ከየትም። ራሳቸው ይመጣሉ። ዝናብ በጣለበት ሌሊት እንቁራሪት ራቅ ካለ ቦታ ተነሥታ ውሃ ፍለጋ ትሄዳለች፣ ባዶ ሆኖ የሰነበተው ኩሬ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ባለቤት ያገኛል።

ከሌላ ቦታ ይዞ መምጣት ጉዳት አለው። እንቁራሪቶችን የሚገድል ኪትሪድ የሚባል የቆዳ ፈንገስ በብዙ የዓለም ክፍል እየተዛመተ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። እንቁራሪት በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ ውሃም የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በሆዷ ቆዳ እየሳበች ነው። ቆዳዋ ታመመ ማለት አለቀላት ማለት ነው። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ስታዘዋውሩ በሽታውን አብራችሁ ልታዘዋውሩ ትችላላችሁ።

ዓሣ ብጨምርበትስ?

ወይ ዓሣ ወይ እንቁራሪት፣ ምረጡ። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ የእንቁራሪት እንቁላልና እጭ አይምሩም፣ አምባዛ እንዲያውም ትልቋንም ይውጣታል። ለእንቁራሪት ምርጡ ኩሬ በበጋ የሚደርቀው፣ ዓሣ የማይኖርበት ነው።

ኩሬ ካለ ወባ አያመጣብንም?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ «እንቁራሪት ትንኝ ትበላለችና አትጨነቁ» ብሎ ማለፍ ደግሞ ማታለል ነው። ትልቋ እንቁራሪት ያገኘችውን ነፍሳት ትውጣለች፣ ትንኝም ትውጣለች፣ ግን ወባን አታቆምም። እጮቿ ደግሞ በአብዛኛው የሚግጡት አልጌ ነው።

መጀመሪያ የት እንዳላችሁ አስቡ። በኢትዮጵያ ወባ በዋናነት ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ችግር ነው፣ ምንም እንኳ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ በላይ ቢወጣም። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከዚያ ከፍ ይላሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላም ያው የወባ አገር ነው። እንደ ባሕር ዳር ባለ ቦታ የከፋው ወቅት ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው።

ሁለተኛ፣ የወባ ትንኝ የምትወደው የትኛውን ውሃ ነው? ፀሐይ የሚመታው፣ ትንሽ፣ ገና የተጠራቀመ፣ ጠላት የሌለበት ውሃ። የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ ላይ የቀረችው፣ ጡብ የተሠራበት ጉድጓድ፣ መንገድ ዳር ያለ ኩሬ። የቆየ፣ ተክል ያለው፣ የውሃ ነፍሳት የሞሉበት ኩሬ ለእሷ አደገኛ ሰፈር ነው። እነዚያ ረጅም ወገብ፣ አራት ግልጽ ክንፍ ያላቸው፣ ውሃ ላይ እየተንቀጠቀጡ የሚበሩትን ታውቋቸዋላችሁ? ልጆቻቸው ኩሬው ሥር ነው የሚያድጉት፣ የትንኝ እጭም ይበላሉ። አልጌ አለ ብላችሁ ኩሬውን በየሳምንቱ ካጠባችሁ እነሱን ትገድላላችሁ፣ ትንኟ ግን በማግስቱ መጥታ ትጥላለች።

የትንኝ እጮችን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። በነጭ ኩባያ ከዳሩ ውሃ ቅዱና ቆማችሁ ጠብቁ። ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ በጭራው ከውሃው ፊት የተንጠለጠለ እጭ ካያችሁ የሌላ ትንኝ ልጅ ነው። ከውሃው ፊት ጋር ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛ ከሆነ ግን ያ የወባ ትንኝ ዘር ነው። ከእንቁላል እስከ መብረር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ጎማ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ እንስራ በየሳምንቱ መደፋት አለበት። ብዙ ጠፍጣፋ እጮች ኩሬው ውስጥ ካያችሁ ኩሬውን አድርቁት፣ ለዘንድሮ ይቅር። አጎበር ደግሞ በየትኛውም ሁኔታ አይቀርም።

እናቴ «እንቁራሪት ካለ እባብ ይመጣል» ትላለች። እውነት ነው?

እማማ አልተሳሳቱም። እንቁራሪት የሚበሉ እባቦች አሉ። ግን እባብን ከኩሬ በላይ ወደ ቤት የሚጎትተው አይጥ ነው፣ አይጥ ደግሞ ያለው ጎተራ ሥርና የእንጨት ክምር ውስጥ ነው። ኩሬውን ከበሩና ከልጆች መጫወቻ ራቅ አድርጉት፣ መሄጃውን አጭዱት፣ ድንጋይ ክምር አጠገቡ አታስቀምጡ፣ ማታ ስትወጡ ባትሪና ቦቲ አይለያችሁ። እማማን ለማሳመን ግን ቄጠማውን ማሳየት ይሻላል።

ለምንድን ነው የሚጮኹት? ስጠጋስ ለምን ዝም ይላሉ?

የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴት እየጠራ። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ድምፅ አለው፣ ሴቷም የምትሄደው የራሷ ወገን ወደሆነው ነው። ዝናብ ሲጥል የሚብሰው እንቁላል የሚጣልበት ውሃ ስለተገኘ ነው።

ዝም የሚሉት ኮቴያችሁን በመሬቱ ንዝረት ስለሚሰሙት ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ኩሬው ዳር ድረስ ሂዱና ቁጭ በሉ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ስልካችሁን አጥፉት። መጀመሪያ ከወዲያ ማዶ አንዱ ይሞክራል። ከዚያ ሌላው። ብዙ ሳይቆይ እንደ ድሮው ይሆናል። ያን ጊዜ ባትሪያችሁን ወደ ጎን አድርጋችሁ አብሩ፣ ቀጥታ ዓይኑ ላይ አይሁን።

አሁን አፉን እዩ፦ ዝግ ነው። እንቁራሪት አፉንም አፍንጫውንም ዘግቶ ነው የሚጮኸው። አየሩን ከሳንባው ወደ ጉሮሮው ከረጢት፣ ከከረጢቱ ወደ ሳንባው ይመላልሰዋል፣ ለዚህ ነው ሳያርፍ የሚቀጥለው። ቆዳው እስኪሳሳ ድረስ ይነፋል። ደጋው ላይ በብዛት የምናያቸው፣ ጀርባቸው ላይ ከራስ እስከ ወገብ ቀጫጭን ሽንትር ያላቸውና ረጅም እግራሞቹ የሣር እንቁራሪቶች ደግሞ ከረጢታቸው ሁለት ነው፣ በግራና በቀኝ ጉንጫቸው በኩል ብቅ ይላል። «እንቁራሪት ዝሆን አክል ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ያለው ሰው ይሄን አይቶ መሆን አለበት፣ ተረቱ በሴት አደረገው እንጂ የሚነፋው ወንዱ ነው።

መተኛት ላቃታችሁ፦ ኩሬውን ከመኝታ ክፍሉ በተቃራኒ አድርጉት። ሌላ መፍትሔ የለኝም። መርዝ አፍስሶ ዝም ማሰኘት የሚባለው ጎረቤቴ ቢያደርገው ሰላምታ አልሰጠውም።

ጉርጥና እንቁራሪት ምን ለያቸው? ጉርጥ ይመርዛል?

እንቁራሪት ቆዳዋ እርጥብና ለስላሳ ነው፣ እግሯ ረጅም፣ ዝላይዋ ሩቅ። ጉርጥ ደረቅና ጎርባጣ ነው፣ እግሩ አጭር፣ ይራመዳል ወይም ጠጋ ጠጋ እያለ ይዘላል፣ ከውሃም ርቆ መኖር ይችላል። በረንዳ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ የወደቀ አሸን የሚለቅመው እሱ ነው።

መርዝ አለው፣ አዎ። ከዓይኑ ኋላ ያሉት ሁለት እብጠቶች ሲጨመቁ ነጭ ፈሳሽ ይወጣቸዋል። እጅ ላይ ብዙ ችግር አያመጣም፣ ዓይንና አፍ ውስጥ ከገባ ግን ያቃጥላል። ቡችላ ቢነክሰው አረፋ ይደፍቃል። ነክታችሁ ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በቃ። መግደል አያስፈልግም፣ አንድ ጉርጥ ለጎመን መደብ ስንት አንበጣና ትል እንደሚለቅምለት ብታዩ ታሳድጉት ነበር።

ሲበላም እዩት። አፉ ውስጥ ያለውን ለመዋጥ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የሚያጣጥም ይመስላል፣ ግን ዓይኑ ወደ ውስጥ ሰምጦ ምግቡን ወደ ጉሮሮው እየገፋለት ነው።

ልጆቼ የእንቁራሪት እጮችን በጠርሙስ ማሳደግ ይፈልጋሉ።

ጥሩ ነው፣ ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ከቴሌቪዥን ይሻላል። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ጠባብ ነው፣ ሰፊ ሳህን ወይም ሳፋ ይሁን። ውሃው ከዚያው ከኩሬው ይቀዳ፣ የኩሬ ቅጠልና አልጌ ያለበት ድንጋይ ይግባበት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። አምስት ስድስት እጭ ይበቃል፣ መጨናነቅ ይገድላቸዋል። አልጌው ካለቀ የተቀቀለ የጎመን ቅጠል ትንሽ ጨምሩላቸው፣ የተረፈውን በማግስቱ አውጡ።

እንቁላሉን መለየትም ራሱ ጨዋታ ነው። ጉርጥ የሚጥለው ረጅም ግልጽ ክር ነው፣ ውስጡ በመስመር የተሰካ ጥቁር ዶቃ የሚመስል፣ ከቄጠማው እግር ጋር ተጠማዞ ታገኙታላችሁ። የሣር እንቁራሪቶች ግን እንቁላላቸውን ነጠላ ነጠላውን ውሃው ላይ ይበትኑታል።

ከዚያ በኋላ ያለው በየቀኑ ይለያያል። መጀመሪያ የኋላ እግር ይወጣል፣ ከዚያ የፊቱ። ጭራው አይቆረጥም፣ ሰውነቱ ውስጥ እየገባ ያልቃል፣ በዚያ ሰሞን እጩ ምግብ አይፈልግም፣ የሚኖረው በጭራው ነው። ልጆች «አሞታል፣ አይበላም» ብለው ያለቅሳሉ፣ አልታመመም። የፊት እግር እንደወጣ ከውሃ ብቅ የሚል ድንጋይ አስገቡለት፣ አለበለዚያ ሳንባው ስለተከፈተ ይሰምጣል። ከዚያ የመጣበት ኩሬ ላይ ልቀቁት፣ ሌላ ቦታ አይሁን።

ጎጃም ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንቁራሪት አለ?

አለ፣ ይሄንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በሳይንስ ስሙ ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ ይባላል። ማልኮም ላርገን የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ነው የመዘገበው፣ ስሙ የተሰጠው ደግሞ የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ላጠናው ለእንግሊዛዊው ዴሪክ ያልደን ነው። የዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ነው፣ የሚታወቀውም ከጎጃም ደጋ ብቻ ነው። ዘመዶቹ እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ ሳይሆን ከውሃ ዳር አፈር ውስጥ ቀብረው ይጥላሉ፣ እጩ ሲፈለፈል እየተውገረገረ ወደ ውሃው ይወርዳል። ስለዚህ የጅረት ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ሲጸዳ የሚጠፋው ሣሩ ብቻ አይደለም።

በጠቅላላው ኢትዮጵያ ውስጥ ከ60 በላይ የእንቁራሪት ዓይነት ይታወቃል፣ ከሲሶው በላይ ሌላ አገር የለም። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ፖስተር ላይ ሲወጡ እነዚህን የሚያነሣቸው የለም፣ ቅር ይለኛል።

አንድ ልጨምር። ውሃ ጉድጓድ ስታጸዱ ጠፍጣፋ ሰውነት፣ ወደ ላይ የሚያዩ ትንንሽ ዓይኖች፣ የኋላ ጣቷ ላይ ጥቁር ጥፍር ያላት ካገኛችሁ አትደንግጡ። ጥፍራሟ እንቁራሪት ናት፣ ምላስ የላትም፣ ምግቧን በፊት እጇ ወደ አፏ ትጠርጋለች። የደቡብ አፍሪካዋ እህቷ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በሆስፒታሎች ለእርግዝና ምርመራ ታገለግል ነበር፦ የሴትየዋን ሽንት ይወጓታል፣ እንቁላል ከጣለች «እንኳን ደስ አለሽ» ነው።

በበጋ የት ይገባሉ?

ዋልካው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ። ቀዝቅዘው፣ ሳይበሉ ዝናቡን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ኩሬው ኅዳር ላይ ሲደርቅ አትዘኑ፣ ውሃ እየቀዳችሁም አትሙሉት። በበጋ ዳሩን አትቆፍሩ፣ ቅጠሉንም አታቃጥሉ፣ የተኙት እዚያው ናቸው።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ሸተተም። ምን ላድርግ?

አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ተዉት፣ አዲስ ኩሬ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው፣ ተክሉ ሲሰፋ ይጠራል። ከሸተተ ግን የበሰበሰ ነገር በዝቷል ማለት ነው፦ የወደቀውን ቅጠል በመንሽ አውጡ፣ እበት የሚገባ ከሆነ መግቢያውን ዝጉ። በረኪና አታፍስሱ።

ጎረቤት ማሳው ላይ ፀረ አረም ይረጫል። ይጎዳቸዋል?

ይጎዳቸዋል። ቆዳቸው ውሃ ይስባል ብለናል፣ ከውሃው ጋር የመጣውንም ይስባል። ጎረቤትን አትርጭ ማለት አይቻልም፣ ጤፉ እንጀራው ነው። ግን «ጋሼ፣ የሚረጩበትን ቀን ቢነግሩኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ በዚያ ሰሞን ጎርፉን በቦይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማስቀየር ነው። የመርጫ መሣሪያው እጣቢ እንዳይደፋበት ደግሞ ለምኑ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ግቢ የለኝም፣ ተከራይ ነኝ። የት ሄጄ ልይ?

ባሕር ዳር ካላችሁ ጣና አለላችሁ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ዩኔስኮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው። ደንገሉን ለማየት ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አካባቢ ምረጡ፣ ጊዜው ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። መራዊ የቆጋ ግድብና የመስኖ ቦዮቹ አሉ፣ ቦይ ዳር ማታ የሚሰማውን ጩኸት የሰማ ያውቀዋል። ዘንገና ሐይቅ እንጅባራ አጠገብ ነው፣ ውብ ነው፣ ግን እሳተ ገሞራ የፈጠረው ገደላማና በጣም ጥልቅ ውሃ ስለሆነ ለኩሬ ተክል ብላችሁ አትሂዱ፣ ለእይታው ሂዱ። ከሁሉም ቅርቡ ግን ከከተማ ወጣ እንዳላችሁ ያለው ጨፌ ነው።

በጣና ዳር ባዶ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ። በአካባቢው ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ ከሰው ሰገራ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣው ወደ ውሃ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። የሰው ሰገራ የማይደርስበት፣ በዝናብ ብቻ የሚሞላ የግቢ ኩሬ ይሄ ስጋት የለበትም፣ ቢሆንም ከኩሬ ውሃ አይጠጣም። አልቅትም አለ፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው ያውቃታል።

ቄጠማውን መቼ ልጨድ?

ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ግማሹን ብቻ እጨዱ፣ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር አስተርፋችሁ፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሌላውን ግማሽ እስከ መስቀል ተዉት፣ በዚያ ሰሞን ጥፍር የሚያካክሉ ትንንሽ እንቁራሪቶች ከውሃ እየወጡ መደበቂያ የሚያደርጉት እሱን ነው። ከማጨዳችሁ በፊትም በእንጨት ነካ ነካ አድርጉት፣ ማጭዱ ሳይደርስ ይውጡ።